ለኦንላይን ኮርስ የሚሆን ኮርስ አውትላይን ከምን ይጀመራል?

ጠያቂ፦ «ሒሳብ ዘደሴ»

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ትምህርት ክፍላችን የአካውንቲንግ መርሆዎች የተሰኘውን ኮርስ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ለማታና ለቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች ሙሉ በሙሉ በኦንላይን እንድሰጥ ወስኗል፤ ኮርስ አውትላይኑንም እስከ ነሐሴ አጋማሽ እንዳስረክብ ተጠይቄያለሁ። በእጄ ያለው ለስድስት ዓመታት ስጠቀምበት የኖርኩት ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ከላይ የኮርሱ ስም፣ 3 ክሬዲት ሰዓት፣ 5 ኢሲቲኤስ ይላል፤ ቀጥሎ የሰባት ምዕራፎች ዝርዝር አለ፤ ከታች ደግሞ ቴስት 20፣ የቡድን ሥራ 15፣ የግል ሥራ 15፣ ማጠቃለያ ፈተና 50 የሚል የውጤት ክፍፍል ተቀምጧል። ለክፍል ትምህርት ይህ በቂ ነበር፤ የጎደለውን በመጀመሪያው ቀን ከሰሌዳው ፊት ቆሜ በአፌ እሞላው ነበርና።

ተማሪዎቼ ስልሳ ያህል ናቸው። ከሲሶ የማያንሱት በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ደሴ ውስጥ በሱቅና በመሥሪያ ቤት ይውላሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ ከሐይቅና ከኩታበር ይመጣሉ። እስካሁን የኮምቦልቻዎቹ ከሥራ ሲወጡ በሐረጎ ሽቅብ ተጉዘው ይደርሱ ስለነበር፣ ጉም በወረደ ምሽት የክፍሉ ወንበር ግማሹ ባዶ ሆኖ አስተምሬ አውቃለሁ። በዚህ ረገድ ኦንላይን መሆኑን አልጠላሁትም።

የተቸገርኩት አውትላይኑን ስጽፍ ነው። የ48ቱን የክፍል ሰዓት ወደ ምን እንደምለውጠው አላውቅም፤ 48 ሰዓት ቪዲዮ ልቅረጽ እንዳልል አቅሙም ጊዜውም የለኝም። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ካላስቀመጥኩ በየሳምንቱ ጭቅጭቅ እንደሚሆን ይታየኛል፤ ካስቀመጥኩ ደግሞ ሰበብ ለሚፈልግ ተማሪ በር የምከፍት ይመስለኛል። ፈተናውንም እንዴት እንደማደርገው ገና አልቆረጥኩም። ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ «ዘቦርከና»

መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔም ኮምቦልቻ ነው የማስተምረው፤ የመጀመሪያውን የኦንላይን አውትላይኔን የጻፍኩት በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በተዘጉበት ወቅት በጥድፊያ ስለነበር፣ ሊሠሩ ከሚችሉ ስሕተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ።

ትልቁ ስሕተቴ እርስዎ አሁን የያዙት የ48 ሰዓት ሒሳብ ነበር። 48 ሰዓት 3 ክሬዲት ሰዓት በ16 ሳምንት ተባዝቶ የሚመጣ የመምህሩ ሰዓት ነው። በአውትላይንዎ ራስ ላይ የተጻፈው 5 ኢሲቲኤስ ግን የሚቆጥረው የተማሪውን ሰዓት ነው፤ በአገራችን አሠራር 1 ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ስለሆነ ኮርስዎ የ135 ሰዓት ሥራ ነው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 87ቱን ሰዓት ተማሪው ድሮም ብቻውን ሊሠራበት ይገባ ነበር፤ እኛ ግን ምን እንደሚሠራበት ጽፈንለት አናውቅም። ኦንላይን ሲሆን ይህ ያልተጻፈው ክፍል ነው ኮርሱን የሚሸከመው። ስለዚህ ከምዕራፍ ዝርዝር ሳይሆን ከተማሪው ሳምንት ይነሡ። ለማጠቃለያ ክለሳና ለፈተና 16 ሰዓት ቢተዉ የቀረው 119 ሰዓት ለ14 ሳምንታት ሲካፈል በሳምንት 8 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። እኔ ብሆን ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩሉን ለንባብ፣ አንዱን ከዐሥራ አምስት ደቂቃ ለማይበልጡ አራት የድምፅ ወይም የቪዲዮ ማብራሪያዎች፣ አራቱን ለልምምድ፣ አንዱን ለጽሑፍ ውይይት፣ የመጨረሻውን አንድ ሰዓት ለቀጥታ ጥያቄና መልስ እመድበዋለሁ። ሒሳብ በመስማት አይለመድምና ልምምዱ ላይ አይቆጥቡ። ይህን ክፍፍል አውትላይኑ ላይ ሲያሰፍሩት የፈረቃ ሠራተኛው ከመመዝገቡ በፊት ጊዜ ይኑረው አይኑረው ራሱ ሊመዝን ይችላል።

ምዕራፎቹንም ለሳምንታት እኩል አያከፋፍሉ። መግቢያው በአንድ ሳምንት ያልቃል፤ የማስተካከያ ምዝገባ ግን፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ፣ የዕቃ እርጅና እየተባለ ሲመጣ ተማሪው የሚሰናከልበት ቦታ ስለሆነ፣ ሦስት ሳምንት ቢሰጡት አይበዛበትም። በክፍል ውስጥ የተማሪው ፊት ሲጠቁር አይተው ትምህርቱን መልሰው ይደግሙት ነበር፤ በኦንላይን ያንን ፊት አያዩትም፤ ስለዚህ ድግግሞሹን ቀድመው በዕቅዱ ውስጥ ሊያኖሩት ይገባል።

ስለ ኮርሱ ዓላማዎች አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቻችን «ተማሪው የሒሳብ ዑደትን ይረዳል» ብለን እንጽፋለን፤ መረዳቱን በምን እናየዋለን? «በሸዋበር ልብስ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ በወር ውስጥ ያደረጋቸውን ግብይቶች ከደረሰኝ ተነሥቶ በጆርናል (በዕለት መዝገብ) ይመዘግባል፣ ወደ ሌጀር (ወደየሒሳቡ መዝገብ) ያስተላልፋል፣ ትራያል ባላንስ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር መግጠሙን የሚያሳይ ዝርዝር) ያወጣል» ቢባል ግን የቤት ሥራው፣ ፈተናውና የማረሚያው መስፈርት ከዚያው ዐረፍተ ነገር ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ ዓላማ አጠገብ የትኛው ሥራ እንደሚመዝነውና ስንት ነጥብ እንደሚይዝ ይጻፉ፤ የሚመዝነው ሥራ ያጣ ዓላማ ካገኙ አንዱን መሰረዝ ወይም ሌላውን መጨመር ነው። የውይይት ጥያቄዎችዎም እንዲሁ ቁርጥ ያሉ ይሁኑ። «ስለ ምዕራፍ ሦስት አስተያየት ስጡ» ቢሉ ስልሳ ሰው «ጥሩ ምዕራፍ ነው» ብሎ ይመልስልዎታል። «ትራያል ባላንሱ ከገጠመ መዝገቡ ትክክል ነው ማለት ይቻላል?» ቢሉ ግን አንዱ ይቻላል ይላል፤ ሌላው ጨርሶ ሳይመዘገብ የቀረ ሽያጭ ወይም በተሳሳተ አካውንት የገባ ወጪ ሚዛኑን እንደማያዛባ ምሳሌ ያመጣበታል፤ ክርክሩም እዚያው ይነሣል።

መልስ፦ «የሙድል ጠባቂ»

እኔ መምህር አይደለሁም፤ በአንድ ኮሌጅ ሙድል የሚባለውን የኦንላይን ትምህርት ሥርዓት የማስተዳድር የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። አውትላይን ሲጻፍ ማንም የማያስበውን፣ ሲበላሽ ግን ሁሉም ወደ እኔ የሚሮጥበትን አንድ ጉዳይ ብቻ ላንሣ፤ እርሱም የሰዓትና የቀን አጻጻፍ ነው።

አንድ መምህር በአውትላይኑ ላይ «የቤት ሥራው ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ይዘጋል» ብሎ ጻፈ፤ ሥርዓቱ ላይ ሲሞላ ደግሞ ዓርብ 12:00 ኤኤም አለው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዕለቱ የሚጀምረው ከዚያች ሰዓት ስለሆነ ማስረከቢያው የተዘጋው ለዓርብ አጥቢያ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ግን የዓርብ ሌሊት የሚሉት ዓርብ ከመሸ በኋላ ያለውን ነው። አንድ ሙሉ ቀን ጠፋ። ዓርብ ሥራቸውን ለመጫን የገቡት ሁሉ የተዘጋ በር ጠበቃቸው፤ እኔም ቅዳሜን እስከ ማታ ስልክ ሳነሣ ዋልኩ። ቋንቋችን ለዚህ ዓይነቱ ውዥንብር «አጥቢያ» የምትል መድኃኒት አላት፤ «ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ቢባል የሚሳሳት ሰው አይኖርም። ከዚያ የሚሻለው ግን የመዝጊያ ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ማራቅ ነው። እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢያደርጉት ዕለቱም አይምታታም፣ የሚቸገር ተማሪ ቢደውል የሚያነሣለት ሰውም ገና አልተኛም። በ11:59 የሚዘጋ ነገር አያውጁ፤ ግማሹ ተማሪ ከቀኑ 11:59 አድርጎ ያነበዋል።

ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ሥርዓቱ የሚያሳያቸው የአውሮፓውያኑን ብቻ ነውና። ያለፈ ዓመት አውትላይን ገልብጦ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ መቀየርም አደጋ አለው። መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ ለ2020 ዓ.ም. የሚጻፍ አውትላይንም ይህ ይገጥመዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የበዓላትና የጾም ነገር ነው። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር፤ በእኛ ከተማ ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ጿሚዎች እንደሚቀመጡ መቼም ለወሎ ሰው አይነገርም። በረመዳን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የቀጥታ ትምህርት የያዘ መምህር የሚያስተምረው ግድግዳውን ነው። የዓርብ ጁምዓንና የእሑድ ጠዋት ቅዳሴንም እንዲሁ ያስቡ። ዒድ ጨረቃ ታይታ የሚቆረጥ በመሆኑ በዚያ ሳምንት የሚዘጋ ነገር አለማኖር ይቀላል።

መልስ፦ «የፈረቃ ተማሪ»

በመምህራን ወግ መካከል ለመግባት ይፈቀድልኝ። ኮምቦልቻ በፈረቃ የምሠራ፣ ከዚህ በፊት ሁለት ኮርሶችን በኦንላይን የወሰድኩ ተማሪ ነኝ። ከሁለቱ በአንዱ አውትላይኑ የደረሰን በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ተልኮ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገጽ የተዘቀዘቀ፣ ሦስተኛው የመምህሩ ጥላ ያረፈበት ነበር። እርሱን ለማንበብ ስልኬን ሳገላብጥ ያየችኝ የክፍል ጓደኛዬ ዛሬም ትስቅብኛለች።

ተማሪ አውትላይን ሲከፍት የሚፈልገው የኮርሱን አጠቃላይ መግለጫ አይደለም። ሥራዬን የት ነው የማስረክበው፣ በቴሌግራም ነው ወይስ በሙድል? ጥያቄ ብልክ በስንት ቀን ይመለስልኛል? የቀጥታ ትምህርቱ ቢያመልጠኝ ቅጂው ይገኛል ወይ? ፈረቃዬ አንዱን ሳምንት ጠዋት፣ ሌላውን ሳምንት ማታ ስለሚሆን፣ «ዘወትር ማክሰኞ ምሽት በቀጥታ ተገኙ፤ ለተገኘ 10 ነጥብ» የሚል መምህር ለእኔ ከሁለቱ ሳምንት አንዱን አስቀድሞ እንደቀጣኝ ነው የምቆጥረው። መምህር ስለ ሰበብ የሰጉትንም እረዳለሁ። ይሁን እንጂ መብራት መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አምጣ የተባልኩበት ጊዜ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ማን እንደሚጽፍ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይም ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ያቆምነው ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ ስላልተጻፈ ነው።

ስለ ዳታም ያስቡልን። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ስከፍት ጥቅሉ ያልቅብኛል።

መልስ፦ «የሙድል ጠባቂ»

ወንድሜ ያነሣው የዳታ ጉዳይ በቁጥር ቢታይ ጥሩ ነው። ንግግር ብቻ የያዘ ድምፅ በሴኮንድ 32 ኪሎ ቢት ቢቀረጽ ቃሉ በደንብ ይሰማል፤ አንድ ሰዓቱም 14 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ቪዲዮ በሴኮንድ 500 ኪሎ ቢት ብቻ ቢይዝ እንኳ አንድ ሰዓቱ 225 ሜጋ ባይት ይደርሳል፤ ልዩነቱ ከዐሥራ አምስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የሚታይ ሠንጠረዥ ላለበት ትምህርት ሠንጠረዡን በፒዲኤፍ፣ ማብራሪያውን በድምፅ መስጠት፣ ቪዲዮን ደግሞ እጅ ሲሠራ መታየት ላለበት ነገር ብቻ ማቆየት ይሻላል። አውትላይኑ ላይ ከየሳምንቱ ጎን «የዚህ ሳምንት ፋይሎች መጠን ይህን ያህል ሜጋ ባይት» ተብሎ ቢጻፍ ትልቅ ውለታ ነው። የሙድል የስልክ መተግበሪያ የኮርስ ፋይሎችን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ስለሚያስችል፣ በኮሌጁ ዋይፋይ በአንድ ጊዜ አውርደው መሄድ እንደሚችሉ በአውትላይኑ ላይ ይንገሯቸው።

መልስ፦ «መምህርት ከቧንቧ ውሃ»

እስካሁን የተባለው ሁሉ መልካም ሆኖ፣ ፈተናው ላይ ማንም አልደፈረም። እኔ በግልጽ ልናገር፤ 50 ነጥብ የያዘ ማጠቃለያ ፈተና ተማሪው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ እንዲፈተን አይፍቀዱ። ስልሳ ተማሪ በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ እያለ፣ ቻትጂፒቲም በየኪሱ እያለ፣ ያ ፈተና ማንን እንደሚመዝን አይታወቅም። ማጠቃለያውን በአካል፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በሚገኙ ሁለት አዳራሾች በተመሳሳይ ሰዓት ያድርጉት፤ ቀኑንም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውትላይኑ ላይ ያስፍሩት፤ የፈረቃ ሠራተኛው ፈቃድ የሚጠይቅበት ጊዜ ያገኛልና። ከመውጫ ፈተናው አንጻርም ቢሆን ተማሪው ተቀምጦ መፈተንን መልመድ አለበት። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ሆኗል፤ 50 ከመቶ ያላመጣም ዲግሪውን አያገኝም።

መልስ፦ «ዘቦርከና»

እህቴ፣ በአካል መፈተኑን አልቃወምም፤ 50 ነጥቡን ሁሉ እዚያ መቆለሉ ላይ ግን አልስማማም። ያ ቅዳሜ መንገድ ቢዘጋ ወይም ተማሪው ቢታመም የሴሚስተሩ ግማሽ አብሮ ይሄዳል። ኮሌጁ ከፈቀደ ማጠቃለያውን ወደ 35 ዝቅ አድርገው 15ቱን ለቃል ምዘና ይስጡት። ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ የመነሻ ቀሪ ሒሳብ ያለው የአንድ ወር የግብይት ዝርዝር ይሰጠዋል፤ ይህ በኤክሴል ቀመር በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ነገር ነው። ተማሪው መዝግቦ ካስረከበ በኋላ መምህሩ ደውሎ ለዐሥር ደቂቃ «ይህን ለምን ዴቢት አደረግኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያልሠራው ሰው ከሁለተኛው ጥያቄ አያልፍም። ስልሳ ተማሪ በዐሥር ደቂቃ ዐሥር ሰዓት ነው፤ በሁለት ሳምንት ቢከፋፈል ከወረቀት እርማት አይብስም። የሚጠራው በተራ የስልክ ጥሪ ስለሆነም ኢንተርኔት አይፈልግም።

መልስ፦ «መምህርት ከቧንቧ ውሃ»

ዐሥር ሰዓቱ በወረቀት ላይ ነው። ሰላምታው፣ «አይሰማም፣ እንደገና ይደውሉ» የሚለው፣ ስልኩን ያጠፋው ተማሪ ሲጨመር ሃያ ይሆናል። ሐሳቡን ግን ወድጄዋለሁ፤ ቢያንስ በዕጣ ለተመረጡ ሃያ ተማሪዎች ቢሆን ይቻላል። ማን እንደሚጠራ ካልታወቀ ሁሉም ይዘጋጃል።

መልስ፦ «ሒሳብ ዘደሴ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የማጠቃለያውን 50 ነጥብ መንካት እንደማይቻል ስለነገሩኝ እርሱ በአካል፣ በሁለቱም ከተሞች ይሆናል፤ የቃል ምዘናውን ግን ከግል ሥራው 15 ነጥብ ውስጥ አስገብቼ በዕጣ ለማድረግ ወስኛለሁ። ስለ ኔትወርክ የጻፍኩት አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ማንኛውም ሥራ የማስረከቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ እስከ 48 ሰዓት ድረስ ያለ ማስረጃና ያለ ቅጣት ይቀበላል፤ ይህ ዕድል ለአንድ ተማሪ በሴሚስተሩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። መቋረጡ ከተማውን ወይም ወረዳውን በሙሉ የነካ ከሆነ ከሦስቱ አይቆጠርም፤ አገልግሎቱ ከተመለሰበት ዕለት ጀምሮ ለሁሉም አምስት ቀን ይጨመራል።» ምን ጎደለው?

መልስ፦ «የፈረቃ ተማሪ»

መምህር፣ አብሽሩ፣ ጥሩ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ኔትወርክ ከጠፋ አምስት ቀን መጨመሩን በምን እንሰማለን? በቴሌግራም እነግራችኋለሁ ካሉ አልሰማንም። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም በስልክ ጥሪ፣ በተጠሪ በኩል ቢሆን።

መልስ፦ «ሒሳብ ዘደሴ»

እውነት ነው፤ ጨምሬዋለሁ። ሦስት ተጠሪዎች ይኖራሉ፤ አንድ ለደሴ፣ አንድ ለኮምቦልቻ፣ አንድ ከሁለቱ ከተሞች ውጪ ላሉት፤ እኔ ለሦስቱ እደውላለሁ፣ እነርሱ ለየራሳቸው ሰዎች ያዳርሳሉ። የመጀመሪያው ገጽ ሥራ የት እንደሚጫን፣ ጥያቄ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚመለስና የፈተናውን ቀን ብቻ እንዲይዝ አድርጌያለሁ። ባለ ሁለት ገጹ አውትላይን ዘጠኝ ገጽ ሆኗል፤ ኃላፊው ገና ከጠረጴዛቸው ላይ ሲያዩት «ሞጁሉን ነው እንዴ የጻፍከው?» ብለውኛል። ሰኞ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።